ማሬን የበላ ፊት

ሜካፑ ይሻለኝ ነበር። ይኸው ተናገርኩ። ሜካፑ ቢያንስ ከሱቅ ነበር የሚመጣው፤ በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው፣ በገዛ ቦርሳቸው ቆልፈው፣ በገዛ ፊታቸው ላይ ይለስኑት ነበር። እኔ ከመገላመጥ በቀር ያወጣሁት ወጪ የለም። የልጅ ልጆቼ "ናቹራል ሆነናል" ካሉ ወዲህ ግን ጓዳዬ ተራቆተ። ማሩ ፊት ላይ፣ እንቁላሉ ፀጉር ላይ፣ አቮካዶው ጉንጭ ላይ፣ ተልባው ግንባር ላይ፣ የቡናው አተላ ክንድ ላይ። በዚህ ቤት የተረሳ የሰውነት ክፍል ቢኖር ሆድ ብቻ ነው።

ለሜካፑም ቢሆን ምላሴ ቦዝኖ አያውቅም። የምኖረው ጉለሌ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት። መንገዱ ግራና ቀኙን ጥበብ ቀሚስ የተሰቀለበት ስለሆነ በአዲስ አበባ የምታገባ ልጅ ሁሉ አንድ ቀን ዓይኗን ልትጥልበት ትመጣለች። እኔም በርጩማዬን ደጃፌ አውጥቼ ስቀመጥ ሙሽሮቹን ቀሚስ በሚመርጡበት ቀን አያቸዋለሁ። ፀሐይ የነካው አፍንጫ፣ ብጉር የወጣበት አገጭ፣ ሳቅ የሞላው ዓይን፤ ደህና የሰው ልጅ ፊት። ከዚያ የሠርግ ጥሪ ደርሶኝ ስሄድ መድረኩ ላይ የተቀመጠችው ሌላ ሴት ናት። ፊቷና አንገቷ አይተዋወቁም። አንገቷ ጠይም ነው፣ ፊቷ ወፍጮ ቤት ውሎ የመጣ ነው። ቅንድቧ እግዜር ካስቀመጠበት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ስለተሳለ ቀኑን ሙሉ ደንግጣ ትውላለች። ሙሽራው ራሱ አንዴ ወደሷ አንዴ ወደ ሚዜዎቿ ሲያይ፣ ልጁ የራሱን ሙሽራ እየፈለገ መሰለኝ።

ድሮ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ታለቅስ ነበር። ደስ እያላትም ታለቅሳለች፤ ወግ ነው። ያላለቀሰች እንደሆነ "ምን እንዲህ አስቸኮላት?" ተብላ ለዓመት ትታማለች። የዘንድሮዋ ብታለቅስ ከንጋት ጀምሮ የተሠራ ሥራ ጉንጯ ላይ ወርዶ ያልቃል። ስለዚህ አታለቅስም። እናቷ ስትንሰቀሰቅ እሷ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ በሁለት እጇ ዓይኗን ታራግባለች፤ ሚዜዋ በሶፍት ጫፍ የዓይኗን ጥግ ነካ ነካ ታደርጋለች፤ ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅ "አንዴ ቆይ፣ እንደገና" ይላል። እንባ እንደገና ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የሠርጉስ ይሁን፤ የደስታ ቤት ነው። ለቅሶ ቤት ነው ያቃጠለኝ። እናቶቻችን ሰው ሲሞትባቸው ፊታቸውን ይነጩ ነበር፤ ጥሩ ነበር አልልም፣ ጠባሳው ዕድሜ ልክ ይኖራል። አሁን ግን የሚነጭ ፊት ራሱ ጠፋ። ባለፈው አንዲት የጎረቤት ልጅ ሙሉ ተኳኩላ ለቅሶ መጣችና ከልቧ ማልቀስ ጀመረች። አንጀቷ ደግ ነው። ግን የተለጠፈው ሽፋሽፍት ለቀቀና ቡና ስኒ ውስጥ ገባ። ስኒው የአንድ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው አዩት፣ አማተቡ፣ ስኒውን ቀስ አድርገው ወንበር ሥር ከተቱት፣ ከዚያ በኋላ ከዚያ ቤት ቡና አልጠጡም።

ይህን ሁሉ እያየሁ ነው ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የተሳልኩት። ልጆቼ ፊታቸውን ይታጠቡልኝ እንጂ ጥላ አገባለሁ አልኩ። እመቤቴ ሰማችኝ። በእንዲህ ያለ መንገድ ትሰማኛለች ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

ትልቋ የልጅ ልጄ አንድ ቀን የሜካፕ ቦርሳዋን ዚፕ ዘጋችና "እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ናቹራል ነኝ" አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ሳምኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላዬ ላይ ምንም ሳይቀር። ምን አግኝቷት እንደሆነ ብጠይቃት አሊሺያ ኪስ የምትባል አሜሪካዊት ዘፋኝ ጠራችልኝ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሜካፕ በቃኝ ብላ ጽፋ፣ በዚያው ዓመት በትልቅ የሽልማት መድረክ ላይ ፊቷን ሳትኳኳል ብትወጣ ዓለም ሁሉ ተነጋገረባት አለችኝ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ፊቴን ሳልቀባ ሽሮ ሜዳ፣ አዲሱ ገበያ፣ መርካቶ ድረስ ወጥቼ ገብቻለሁ። አንድ ጋዜጣ አንድ መስመር አልጻፈልኝም።

"ፈረንጅ አገር ድረስ ምን አስኬደሽ? የዚሁ ከተማ ልጅ ሊያ ከበደ አለች" አልኳት። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ሊያ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ኤስቴ ላውደር የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ ፊት ሆነች፤ በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ሰዉ ኮራባት። እኔ ግን የኮራሁባት ከአራት ዓመት በኋላ ለምለም የሚባለውን ድርጅት አቋቁማ የኢትዮጵያ ሸማኔ በእጁ የሠራውን ለዓለም ገበያ ማቅረብ ስትጀምር ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ መወርወሪያ ሲወረውር ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ሸማኔ ያገባች ሴት በምን እንደምትኮራ ይገባችኋል። የልጅ ልጄ ግን ስለ ሸማኔው አልሰማችኝም። "የቆዳዋን ጥራት አየሽው እማዬ?" አለችኝ።

ከዚያ ዘረፋው ጀመረ።

ለጨጓራዬ የማስቀምጣት ማር ነበረችኝ። ከጎጃም ዘመድ የላከልኝ ነጭ ማር ነው፤ እኔ ካልታመምኩ በማንኪያ ጫፍ አልነካውም። ላነሳ ብሄድ ዕቃው ታጥቦ ተደፍቷል። "ማሩስ?" ብል ከመኝታ ክፍል ድምፅ መጣ፤ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ነው የምታወራው። "ፊቴ ላይ ነው እማዬ፤ ሃያ ደቂቃ ይቆያል። አታስቂኝ፣ ይፈስሳል።" ሳቅ ያማረኝ መስሏት ነው! ማታ ደግሞ ማቀዝቀዣው ውስጥ በትንሽ ሣህን የተፈጨ አቮካዶ አገኘሁና በዳቦ በላሁት። ጠዋት ጩኸት ሆነ፤ ለካ የሌሊት ማስክ ኖሯል። እርጎና ዘይትም ገብቶበታል። እውነቱን ለመናገር ይጣፍጥ ነበር፤ ከንፈሬም ለስልሶ ነው ያደረው።

ቡናዬን የነኩ ጊዜ ግን አልቻልኩም። ቡና በዚህ ቤት ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስተኛው ሳይቀዳ ትንሿ ተነስታ ጀበናውን ገለበጠች። ለስክራብ ወፍራም አተላ ነው የሚፈለገው፣ በረካ ከተፈላ አተላው ኃይሉ ይቀንሳል ተባልኩ። ቡና ጠጪዎቼ ተያዩ። በረካውን የተቀማ ሰው በምን አፉ ነው የሚመርቀው? የዚያን ቀን ሳይመረቅ ሰው ከቤቴ ወጣ።

በሁዳዴ ደግሞ ትንሿን እንቁላል ፀጉሯ ላይ ሰብራ አገኘኋት። "ጾም ነው አይደለም እንዴ ልጄ?" ብላት "እኔ በላሁት እንዴ? ፀጉሬ ነው የበላው" አለችኝ። ነገሩን ለንስሐ አባቴ ይዤ ሄድኩ። አባ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "ፀጉር ቀኖና የለውም፤ ግን እንቁላሉን ለድሃ ብትሰጠው ይሻል ነበር" አሉኝ። ይህንን ለልጅቷ ብነግራት "አባ ስለ ፕሮቲን አያውቁም" አለች።

ቫዝሊንን ያወጣውን ሰውዬ ታሪክ ያጫወተኝ ጤና ጣቢያ የሚሠራ የእህቴ ልጅ ነው። ሮበርት ቺዝብሮ የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት በ1872 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣበት፤ ሰውዬው በሥራው ከመተማመኑ የተነሳ በየቀኑ አንድ ማንኪያ ቫዝሊን ይውጥ ነበር ይባላል፤ 96 ዓመት ኖሮ ሞተ። እንግዲህ ፍረዱ። እሱ የሚቀባውን በላ፣ የኔዎቹ የሚበላውን ይቀባሉ። ቫዝሊንን ግን አልሰድበውም። ጥቅምት ገብቶ ደረቁ ብርድ ሲጀምር ልጆቼን ወደ ትምህርት ቤት የምሸኘው ፊታቸውንና ቅልጥማቸውን በቫዝሊን አብርቼ ነበር። አመድ የመሰለ እግር ይዞ የወጣ ልጅ የእናቱን ስም ነው የሚያሰድበው። የእህቴ ልጅ እንደሚለውም ነገሩ ቀላል ነው፤ ቆዳ ውስጡ ያለውን ውኃ አየሩ እንዳይወስድበት ላዩ ላይ ቅባት ይፈልጋል። ቅቤም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ለዚህ ማር አያስፈልግም፣ እንቁላልም አያስፈልግም።

ቅቤ ካልኩ አይቀር። እኔ ለጋ ቅቤ ከአድስ ቅጠል ጋር አዋሕጄ አናቴ ላይ ሳደርግ "እማዬ እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ክፍልሽ ግቢ" የተባልኩት በዚሁ ቤት ነው። ትራሴን ለብቻ አጠቡት። ታክሲ ውስጥ መስኮት ተከፈተብኝ። ባለፈው ትልቋ በመዳፍ የምትያዝ ብልቃጥ ገዝታ መጣች፤ ዋጋዋን ስትነግረኝ ተቀመጥኩ። ሺያ በተር ይባላል። ከፍቼ አሸተትኩት፤ ቅባት ነው፣ ቅባት ቅባት ይላል። የሺያ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ የሚወጣ ነው፣ ምዕራብ አፍሪካ ሴቶቹ ሲቀቡት ኖረዋል አለችኝ። ዛፉ በኛው ጋምቤላም ይበቅላል፤ ብልቃጧ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ፈረንሳይኛ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላል የኛ ሰው፤ የኛዎቹ እጃቸው ላይ ያለውን ወርቅ ሸተተን ብለው ታጠቡት፣ ከዚያ በዶላር የመጣ መዳብ ገዙ።

ወይባ ጢስም እንዲሁ ነው። የወሎ ሴቶች ጉድጓድ ቆፍረው፣ እንጨቱን አጭሰው፣ ጋቢ ተጠቅልለው የሚቀመጡበት ነገር ነው፤ ያገባች፣ የወለደች ሴት ትሞቀዋለች፣ ገላዋ ወዛም ሆኖ ይወጣል። ድሮ ከተሜዋ ሰምታ አፍንጫዋን ትይዝ ነበር። አሁን የውበት ሳሎኑ ሁሉ በሩ ላይ "ወይባ፣ ስቲም፣ ሞሮኮ ባዝ" ብሎ አብሮ ጽፎታል። ወይባችን ከሞሮኮ ጎን ካልቆመ ሰው አልገባለት አለ። ከታጠቡ ከታጠቡ ደግሞ ይቺ ከተማ ራሷ በገላ መታጠብ ነው የተቆረቆረችው። እቴጌ ጣይቱ ከኛ በላይ ካለው ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ ፍል ውኃ ይታጠቡ ነበር፤ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩበት፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ አሏት። አንዲት ሴት ገላዬን እንደ ልቤ ልታጠብ ብላ ዋና ከተማ አዛወረች። ከዚህ በላይ ስኪን ኬር ከየት ይመጣል?

እንሶስላን ግን በጥድፊያ አላልፈውም። ሂና የሚሉትን አውቃለሁ፤ የሐረር ሴቶች ሲያጌጡበት አይቻለሁ፣ ያምራል። የኛ የደጋው እንሶስላ ነው። ውኃ በማይለየው ሸለቆና ጓሮ የሚበቅል ተክል ነው፤ የሚፈለገው ሥሩ ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ይታጠባል፣ ይላጣል፣ ይወቀጣል። ያን ቀን ሴቱ ሁሉ አንድ ቤት ይሰበሰባል፤ እጅና እግር ተለብጦ በቅጠል ተጠቅልሎ ይታሰራል። ከታሰረ በኋላ ማንም ምንም መሥራት አይችልም። ውኃ እንኳ ሰው ነው የሚያጠጣችሁ። በዓመት ውስጥ እናቴ ቁጭ ብላ ያየኋት በዚያ ቀን ነው። ሌሊቱን ወሬ ነው፣ ሐሜት ነው፣ ሳቅ ነው። ጠዋት ሲፈታ መዳፍና ውስጥ እግር ቀይ ሆኖ፣ ለስልሶ ይገኛል። ባል ቢኖርም ባይኖርም ሴቷ እጇን እያየች ቀኑን ትውላለች። አሁን ልጆቹ ማስካቸውን ለጥፈው እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው በር ዘግተው ይተኛሉ። አንዷ ለአንዷ ውኃ አታጠጣም። ስልካቸውን ግን በአፍንጫቸው ነክተው ይከፍታሉ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

የሸክላውን ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ያስቀስፈኛል። ትንሿ አፈር ገዝታ መጣች። አዎ፣ አፈር። በከረጢት የታሸገ፣ በውኃ በጥብጦ ፊት ላይ የሚለጠፍ ሸክላ። ከቤታችን ተነስቶ ቁልቁል የሚሄድ ሰው ቀጨኔ ይደርሳል። እዚያ ያሉ ሴቶች ከእናት ከአያታቸው ጀምሮ ጭቃ አቡክተው ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት ሠርተው ይቺን ከተማ መግበዋል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ስለነካ ሰዉ ምን እንዳላቸው ታውቃላችሁ፤ ቡዳ ተባሉ፣ ልጅ አይዳራቸውም ተባለ፣ ገበያ ላይ ሰላምታ ተነፈጉ። አሁን የዚያኑ ዓይነት ጭቃ ፊቷ ላይ ለጥፋ ፎቶ የምትነሳ ልጅ "ዲቶክስ" ትለዋለች፤ እነዚያን ሴቶች የሰደበ ሰው ልጅ ልትሆን ትችላለች። ልጅቷን ያዝኳትና ቀጨኔ ወስጄ አንዲት ባለሙያ ጀበና ስትሠራ አሳየኋት። ጀበናዋን በጠየቀችው ዋጋ ገዛናት፤ አልተከራከርንም። በዚህ አልቆጭም።

"ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም" የሚሉት ነገር አለ። ሌላውን ሁሉ እችላለሁ፣ ይህንን አልችልም። እንዶድ ከተፈጥሮ የመጣ ነው። እናቴ ነጠላ የምታነጣበት ነበር። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ ተነስቶ ሲመራመር ኖሮ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጠው። ነጠላ የሚያነጣ ፍሬ ነፍስ ሲያጠፋ ማለት ነው። ተፈጥሮ የዋህ ብትሆን እንዶድ ባልገደለ፣ ሬት ባልመረረ፣ ሳማ ባልለበለበ።

የራሳችንንም አላሞግስም። ኩሉ ያምራል፤ እኔም ተኩዬ ተድሬያለሁ። ግን በብዙ አገር ኩል ሲመረመር እርሳስ የሚባለው ማዕድን ተገኝቶበታል፣ ለሕፃን አእምሮ መርዝ ነው፤ ስለዚህ የአራስ ልጅ ዓይን ላይ ኩል የሚቀባ ሰው ካየሁ እጁን እመታለሁ። ትንሿ ደግሞ ናቹራል ብላ ሎሚ ጨምቃ ፊቷ ላይ ቀባችና በእኩለ ቀን ወደ ገበያ ወጣች። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል። ማታ ቀላ፣ በማግሥቱ ውኃ ቋጠረ፣ ከዚያ ጠቆረ። ማድያት ሳይኖርባት ማድያት በገዛ እጇ ሠራች።

ደሜን የሚያፈላው ግን ማሩም ሎሚውም አይደለም፤ ቱቦው ነው። ትልቋ ሜካፕ ስትተው ያየችውን ፊት አልወደደችውም። ጠይም ናት፤ የአባቷን መልክ ነው የወሰደችው። "ቀላ ማለት እፈልጋለሁ" ብላ አንድ ቱቦ ይዛ መጣች፤ ያለ ሐኪም ወረቀት ከአንድ ሱቅ ነው የገዛችው። ናቹራል የተባለው ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። የእህቴ ልጅ አየውና ቱቦውን ቀማት። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው፤ ሐኪም ለቆዳ ብግነት አስቦ፣ ቀን ቆርጦ የሚያዝዘው። በየቀኑ ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወጣል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፤ ሲተውት ደግሞ ፊቱ ይቀላል፣ ይነድዳል፣ ስለዚህ ተመልሶ ይቀባል። የሚያነጡ ሳሙናና ክሬሞች ውስጥ ደግሞ ሜርኩሪ የሚጨምሩ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ኩላሊት እንደሚጎዳ ካስጠነቀቀ ቆየ። በሚናማታ ስምምነት የተሳሰሩ አገሮች በ2023 (እ.ኤ.አ.) ጄኔቫ ተሰብስበው ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በሙሉ ከ2025 (እ.ኤ.አ.) በኋላ እንዳይመረትና ድንበር እንዳይሻገር ወስነዋል። እኛም አገር ሕግ ሞልቷል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መዋቢያንም ይቆጣጠራል። ሕጉ አለ፣ ቱቦውም አለ፤ ሁለቱ ግን ገና አልተገናኙም።

ልጅቷን ከፊቴ አስቀምጬ የአባቷን ፎቶ አወጣሁላት። "ይህን ፊት ነው የምታጥቢው?" አልኳት። አለቀሰች። ሜካፕ ስላልነበረባት ደህና አድርጋ አለቀሰች።

እንግዲህ ፀሐይን እናንሳ፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ እንጦጦ ጫፉ ላይ ከ3,000 ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል ይላሉ። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው አይነቃም፤ ብርድ እየበላው ይቃጠላል። የ13 ወር ጸጋ ብለን ለቱሪስት ስንሸጣት የኖርናት ፀሐይ ናት ማድያቱን የምታከርረው፤ እርግዝና ያመጣውን እንኳ እንዳይለቅ አድርጋ የምታቆየው እሷ ናት። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው፣ ጎብጠው፣ በደጃፌ የሚያልፉትን እናቶች ፊት አይቼ ነው ይህን የማውቀው። የሃምሳ ዓመቷ የሰባ መስላ ትወርዳለች። ስለ ቆዳ እንክብካቤ ሰው የሚሰበስቡት ሁሉ እነዚያን ሴቶች ጠርተው አያውቁም።

ልጆቹን "ጥላ ያዙ" ብል "ጥላ የአሮጊት ነው" ይሉኛል። እሺ፣ ሰንስክሪኑን ቀቡ። ሐኪሙም ይመክራል፣ እኔም አልቃወምም። የገዙት ግን ለፈረንጅ ቆዳ የተሠራ ስለሆነ ፊታቸው ላይ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ትንሿን ከበር መለስኳት፤ ቫዝሊን በጠፋበት በደርግ ጊዜ እንኳ እንዲህ አመድ የሆነ ልጅ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም።

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም አይደል? ባለፈው እሑድ ትልቋ መስታወት ፊት አንድ ሰዓት ተኩል ቆመች። "ምን እየሠራሽ ነው?" ብላት "ሜካፕ ያልተቀባሁ የሚያስመስል ሜካፕ" አለችኝ። ቆየት ብላ ወጣች። አየኋት። ቅንድቧ ቦታው ነው፣ አንገቷና ፊቷ ታርቀዋል፣ ጠይምነቷ አለ። የቀረውን ምን እንዳደረገችበት አላየሁም፤ ዓይኔም ደክሟል። ታምራለች። ለኪዳነ ምሕረት ጥላውን አስገብቻለሁ።

ለናንተ ለምታነቡት ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቆዳችሁ ላይ ሽፍታ፣ ቋቁቻ፣ ጭርት፣ ማድያት ካያችሁ ጎረቤት አትጠይቁ፣ ስልክ አትጠይቁ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ከባሰም የቆዳ ሐኪም ያለበት አለርት ሆስፒታል አለ። ሐኪም ያላዘዘውን ቱቦ ጣሉት። ክረምቱ ወጥቶ እንሶስላው ሲደርስ ደግሞ እኔ ቤት ይወቀጣል፤ የፈለገች ትምጣ። ስልኳን በር ላይ ታስቀምጣለች፣ ሰው ሠራሽ ጥፍሯን ነቅላ ትገባለች፣ ከታሰረች በኋላ እስኪነጋ አትወጣም።